አልወርድ ያለው ስኳር

አባቴ ውሃ መጠጣት የጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። "ድሮስ ሳይጠጣ ነበር እንዴ የኖረው?" እንዳትሉኝ። ድሮማ እንደ ሰው ነበር የሚጠጣው። አሁን ግን ጆጉን እንዳለ አንስቶ ቆሞ ይጨልጠዋል፤ አፉን ሳይጠርግ እንደገና ይቀዳል። ሌሊት የሽንት ቤቱ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ያድራል። ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳ፤ ሰነባብቶ ከሱ ወዲህ ሌላ በሳ። ይበላል ደግሞ! የራሱን ጨርሶ የኔን ሳህን ያያል። በልቶ በልቶ ግን ጉንጩ ወደ ውስጥ ገባ፣ ሸሚዙም መስቀያ ላይ የተንጠለጠለ መሰለ።

ምን እንደሆነ ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። "አባዬ፣ ስኳር ሳይሆን አይቀርም፣ ሄደን እንመርመር" አልኩት። "ስኳር የሚይዘው ቁጭ ብሎ የሚበላ ሰው ነው፤ እኔ ዕድሜ ልኬን ሰው ቤት መታጠቢያ ስር በጀርባዬ ተኝቼ ነው የኖርኩት" አለኝ። ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አለቀስኩበት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በጣም ሳጠብቅበት አንድ ነገር ይናገራል፦ "እናትሽ በእግሯ ነው የገባችው።" እውነቱን ነው፤ እናቴ ሆስፒታል በእግሯ ገብታ በእግሯ አልወጣችም። ይሄን ሲለኝ ተነስቼ ዕቃ አጥባለሁ፤ ብርጭቆም እሰብራለሁ። "ክብሪት" የሚለኝ በዚህ ጠባዬ ነው።

እንዲህ ሆነን ወራት አለፉ። እሱ እየከሳ፣ እኔ እየነደድኩ።

የምሠራው ተክል በሚመራመሩበት ቦታ ነው። ሰው ሥራሽ ምንድነው ሲለኝ "ቅጠል አያለሁ" እላለሁ፤ ውሸትም አይደለም። ቅጠል ወደ ብርሃን አንስታችሁ ብታዩ መሃል ለመሃል የሚወርድ ወፍራም ደም ስር አለ። ከሱ ቀጫጭኖች ይወጣሉ፤ ከነሱ ደግሞ እንደ ፀጉር የሳሱ። የኔ ጉዳይ ከነዚያ ከመጨረሻዎቹ ጋር ነው። ቅጠሉ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ስኳር ይሠራል። የሠራው ስኳር እነዚያ የሳሱት ደም ስሮች ውስጥ በትንንሽ በሮች ይጫናል። ከዚያ ከትንሹ ወደ ትልቁ፣ ከትልቁ ወደ ግንዱ፣ ከግንዱ ወደ ታች ይወርዳል። ድንች ከሆነ አፈር ውስጥ ያለው ድንች የሚወፍረው በዚያ ስኳር ነው። በሩ አልከፈት ካለ ግን ጣጣ ነው። ቅጠሉ በገዛ ስኳሩ ታፍኖ ይደድራል፣ ይጠቀለላል፣ ቢጫ ይሆናል፤ ከታች ያለው ደግሞ ይራባል።

ይሄን ለአባቴ አንድ ቀን ነግሬው ነበር፤ ምነው ምላሴን በቆረጠው። "ፓምፑ የት ነው?" አለኝ።

"ፓምፕ የለውም።"

"ታዲያ ምን ይገፋዋል?"

"ራሱ ስኳሩ ነዋ! ስኳሩ ደም ስሩ ውስጥ ሲገባ ውሃ ይስባል። ውሃው ሲገባ ግፊት ይፈጥራል፣ ግፊቱ ወደ ታች ይነዳዋል።"

ሳቁ መጣ፣ ወንበሩን ይዞ ሳቀ። "እሺ፣ ነገ ሰው ቤት ሄጄ፣ እመቤቴ፣ ፓምፕ ለምን ይገዛሉ፣ ታንከሩ ውስጥ ስኳር ይጨምሩበት ልበላቸው?" ከዚያ ቀን ወዲህ ማታ ስገባ ሰላምታው "ፓምፑ ተገኘ?" ሆነ። እኔም ሁለተኛ ስለ ሥራዬ ትንፍሽ ላልል ማልኩ።

የያዝኩት ሥራ በራቸው የማይሠራ ድንቾች ላይ ነበር። ከጤነኛ ድንች በሩን የሚሠራውን ነገር ወስደን አስገባንላቸውና ይከፈት እንደሆነ መጠበቅ ያዝን። ምርመራው ጠዋት ነው። ጤነኛ ቅጠል ቀን ያከማቸውን ሌሊት ሲያወርድ አድሮ ጠዋት ባዶውን ይገኛል። በጥሰን፣ አረንጓዴውን በአልኮል አጥበን፣ አዮዲን እናፈስበታለን። ገርጥቶ ከቀረ ስኳሩ ወርዷል፤ ከጠቆረ ስኳሩ ስታርች ሆኖ እዚያው ታፍኖ አድሯል። የኔዎቹ በየጠዋቱ ይጠቁራሉ። የክፍላችን ኃላፊ ቦታውን ለሌላ ሥራ ፈለገችው፤ የመጨረሻው ምርመራ ካልተሳካ ድንቾቼ ሊነቀሉ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እኛ ክፍል "የተክሉ ስኳር" የሚል ሰው የለም። "የኔ ስኳር"፣ "ያንተ ስኳር" ነው የምንባባለው። ለምደነዋል፣ ለጆሯችን ምንም አይመስለውም።

ከምርመራው በፊት ባለው ቀን አመሻሹ ላይ ወጥ ቤት ቆሜ ሳለሁ የሥራ ባልደረባዬ ደወለልኝ። ቀስበቀስ ነው የምንለው፤ ቅጠል ለመበጠስ እንኳ ፈቃድ የሚጠይቅ ይመስላል። እንዴት ነው ነገርሽ ሲለኝ ገነፈልኩ።

"አልወረደም አልኩህ! የኔ ስኳር ዛሬም ጠዋት ከፍ እንዳለ ነው። ያንተማ ወረደልህ፣ ምን አለብህ! ነገ ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ ይታያል። ነገም ካልወረደ በቃ፣ አለቀልኝ።"

ሊያጽናናኝ ፈልጎ "ለአባትሽ ለምን አትነግሪያቸውም? የቧንቧ ሰው አይደሉ?" ብሎ ቀለደ።

"ለአባዬ?" አልኩ። "ምን ቆርጦኝ! ለአባዬማ ሞቼ ነው የምነግረው!"

ያን ሳቁን ስለማልችለው ነበር። ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል የጓሮው በር ገርበብ ብሏል። ንፋስ ነው ብዬ ዘጋሁት። አባቴ ማታ ራት ላይ ከሳህኔ አንዲት ጉርሻ እንኳ አላነሳም፤ "ፓምፑ ተገኘ?" አላለኝም። ደክሞት ነው አልኩ።

ጠዋት ስነሳ ኮቱን ለብሶ ቆሟል። ሰርግ ሲጠራ ብቻ የሚለብሰው ጥቁር ኮት ነው። ጠረጴዛው ላይ ዳቦ የለ፣ ሻይ የለ። የስኳሩ ጣሳ ከመደርደሪያው ጠፍቷል፤ ማርማላታውም የለም።

"አባዬ፣ ቁርስስ?"

"ቁርስ የለም። በባዶ ሆድ ነው የሚታየው። ልበሺ፣ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።"

"ማን ነው የሚታየው?"

"ሰምቻለሁ" አለኝ። "ትናንት በስልክ ስታወሪ ሰምቻለሁ። ለኔ ልትደብቂኝ ነበር? ለኔ? አለቀልኝ እያልሽ ለባዳ ስትነግሪ፣ አባትሽ ሞቷል እንዴ?"

ነገሩ እስኪገባኝ ትንሽ ቆየሁ። ሲገባኝ ሳቄ ከሆዴ ተነስቶ እስከ ጉሮሮዬ መጣ። "አባዬ፣ እሱ እኮ የድንች..." ልለው አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ እጁን አየሁት። የኮቱን ቁልፍ ሊቆልፍ ይሞክራል፣ ቀዳዳው አልገኝ ብሎታል። ከባድ ቧንቧ በአንድ እጁ የሚፈታ ሰው፣ አንዲት ቁልፍ አቃተችው። አንጀቴን በላው። ደግሞም ገባኝ። ስለምነው፣ ሳለቅስበት፣ ብርጭቆ ስሰብርበት የከረምኩት ሰው ዛሬ ማንም ሳያስገድደው ጤና ጣቢያ እንሂድ እያለኝ ነው። ያውም ቁርስ ሳይበላ! ድንች ያልኩ እንደሆነ ኮቱን አውልቆ ይስቃል፣ ጆጉን ያነሳል፣ ያኔ እሱን ዳግመኛ የሚያንቀሳቅሰው የለም። አፌን መልሼ ገጠምኩ።

"እሺ" አልኩት። ለቀስበቀስም የኔን ቅጠሎች እንዲያይልኝ መልእክት ላክሁ።

መንገድ ላይ ቦርሳዬን ቀማኝ። አስፋልት ስንሻገር በልጅነቴ እንደሚያደርገው እጄን ያዘኝ፤ ሰው እያየን ነው ስለው "ይይ" አለኝ። ቀስ እንድል፣ እንዳይደክመኝ፣ ጥላ ጥላውን እንድሄድ ያዝዘኛል። ኧረ እኔ ጤነኛ ነኝ! የሚያለከልከው እሱ ነው። ሁለት ጊዜ ቆመን ውሃ ገዛ፤ "ጠጪ" ይለኝና እኔ ጎንጨት ካልኩት በኋላ የተረፈውን ይጨርሰዋል።

"መቼ ጀመረሽ?" አለኝ።

"እንጃ" አልኩ። ይሄ ውሸት አልነበረም።

"ውሃ ይጠማሻል አይደል? አፍሽ ይደርቃል። ሌሊት ያስነሳሻል። ብትበዪም አይጠጋሽም። ማታ ማታ እግርሽን ይወርሻል፣ እንደ ጉንዳን። ዓይንሽም ብዥ..." እዚህ ላይ ድምፁ ቆመ። መሄዱንም አቆመ። ሰው እየገፋን ያልፋል። እኔ አቀርቅሬ ጫማዬን አየሁ፤ ቀና ብል ፊቴ ሊያጋልጠኝ ነው። የእግሩን ነገር፣ የዓይኑን ነገር አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ብቻውን ሲሸከመው ከርሟል።

"ሰው ነው እንዲህ የሚለው" አለ በመጨረሻ። "እኔ ምን አውቃለሁ። ነይ እንሂድ።"

ጤና ጣቢያው ግቢ ስንደርስ በሩ ላይ ቆመ። ከውስጥ የመድኃኒት ሽታ ይመጣል። እናቴን ያየ መሰለኝ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። አሁን ይመለሳል፣ አለቀ፣ ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ። እሱ ግን የቦርሳዬን ማንገቻ ትከሻው ላይ አስተካክሎ "አትፍሪ" አለኝና ቀድሞኝ ገባ።

ወረፋችን ሲደርስ ነርሷ "ማን ነው የሚመረመረው?" አለች።

"እሷ ናት። ግን ሲስተር፣ መጀመሪያ እኔን ውጊኝና እሷ ትይ፣ እንዳትፈራ።"

ነርሷ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "አባት፣ ልጅዎ እኮ ትልቅ ሰው ናት።"

"ለኔ አይደለችም" አለና ጣቱን ዘረጋ። ስትወጋው ወደኔ ዞሮ ፈገግ አለ። "አየሽ? ትንኝ ናት።"

ነርሷ ትንሿን መሣሪያ አየች። ፈገግታዋ ጠፋ። ሌላ ጣት ጠየቀችው፣ ደግማ ወጋችው፣ ደግማ አየች። "ቁርስ በልተዋል አባት?"

"ልጄ ሳትበላ እኔ እበላለሁ?"

"አባት፣ የርስዎ በጣም ከፍ ብሏል። አሁኑኑ ዶክተሯ ጋ መግባት አለብዎት።"

"እሺ፣ እሺ፣ እንገባለን፣ የሷን እይልኝ" አለ፤ ምንም አልሰማም። የሹራቤን እጅጌ ራሱ ይጠቀልላል። ልክ ያን ጊዜ ስልኬ ጮኸ። አነሳሁት፤ ስልኬ አርጅቷል፣ ጆሮ ላይ ተይዞ ለሰፈር ያሰማል። በሕይወቱ ቸኩሎ የማያውቀው ቀስበቀስ ይጮኻል።

"ወረደ! ስኳርሽ ወረደልሽ! ቅጠሉ እንደ ወረቀት ነጭ ነው! ድንቾችሽ አይነቀሉም!"

የነርሷ እጅ መርፌውን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ። አባቴ ከስልኩ ወደኔ፣ ከኔ ወደ ስልኩ አየ።

"የምን ቅጠል?" አለ። ቀጥሎም "የምን ድንች?"

"አባዬ፣ እኔ ስኳር የለብኝም።" አልኩት። "የትናንቱ የሥራ ወሬ ነው። ከቅጠሉ ደም ስር አልወርድ ያለው ስኳር። ያ ፓምፕ የሌለው።"

"የለብሽም?"

"የለብኝም።"

"ምንም?"

"ምንም።"

ወደ ነርሷ ዞረ። "ይቺን አላምናትም፣ እይልኝ።" ወጋችኝ፣ አየች፣ "ጤነኛ ናት፣ አባት" አለችው። ግንባሩን በሁለት እጁ ያዘና አቀረቀረ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ተቆጣ ብዬ ለእሳቱ ተዘጋጀሁ፤ መቼም ከማን እንደወረስኩት አውቃለሁ። ቀና ሲል ግን ይስቃል። እንባው በጉንጩ እየወረደ ይስቃል።

"የኔ ነው! እግዜር ይመስገን፣ የኔ ነው እኮ!" ነርሷን እጇን ይዞ ይጨብጣታል። "ሰማሽ ሲስተር? የኔ ነው!"

ሎተሪ የወጣለት ሰው እንኳ እንዲህ አይሆንም። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

"ምኑ ነው የሚያስቅህ?" አልኩት፤ ኮሪደሩ ላይ ወረፋ የያዙት ሁሉ ዞሩ። "አንተ ስትሞትብኝ ነው የሚያስቅህ? ሌሊት በር በከፈትክ ቁጥር እኔ የምተኛ ይመስልሃል? ቀበቶህ ላይ ቀዳዳ በጨመርክ ቁጥር ቆጥሬያለሁ እኮ! እናቴን ቀበርኩ፤ አንተንም ቁጭ ብዬ እያየሁ ልቅበር? ከኔ ላይ ሲሆን የሰርግ ኮት ለብሰህ ትሮጣለህ፣ ከራስህ ላይ ሲሆን ትቀልዳለህ። እኔስ? እኔ አባት የለኝም?" የመጨረሻውን በልቅሶ ነው የጨረስኩት። ነርሷ ሶፍት አቀበለችኝ።

ሳቁን አቆመ። "ጠዋት ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?"

"ብነግርህ ኮትህን ታወልቅ ነበር።"

አሰበበት። "አወልቅ ነበር" አለ።

ዶክተሯ ፈጣን ንግግር ያላት አጭር ሴትዮ ናት። እግሩን አየች፣ ዓይኑን አየች፣ ልቡን አዳመጠች፣ ደም ተቀዳ፣ ሽንት ታየ። ብዙ ጠብቀን ውጤቱ ሲመጣ በደህና ጊዜ መጥታችኋል አለችን። ከዚህ ቢቆይ ሌላ ነገር ነበር፤ አሁን ግን በክኒን፣ በአበላልና በእግር ጉዞ ይስተካከላል። እኔ ያኔ ነው ትንፋሼን የለቀቅኩት።

"አንድ ነገር አልገባኝም" አለ አባቴ። "ይሄን ሁሉ እየበላሁ ለምን ከሳሁ?"

ዶክተሯ አፏን ሳትከፍት እኔ ቀደምኳት። "ስኳሩማ ሞልቷል አባዬ፤ ደምህ ውስጥ ሞልቷል። ሰውነትህ ውስጥ የሚያስገባው በር ነው አልከፈት ያለው። ስለዚህ ደምህ ጠግቦ አንተ ትራባለህ። ድንቾቼም እንደዚያ ነበሩ፤ ቅጠሉ በስኳር ታፍኖ ታችኛው ይራባል። የበሩ ዓይነት ለየቅል ነው፣ መከራው ግን ይመሳሰላል።"

"ጥሩ አስረዳሽው" አለች ዶክተሯ። "ክኒኑም እዚያ በር ላይ ነው የሚያግዘው።"

አባቴ አገጩን አሻሸ። "የድንቹ ተከፈተ?"

"ዛሬ ተከፈተ።"

"እንኳን ደስ ያለሽ" አለኝ። ስለ ሥራዬ ሳይስቅ ሲናገር የመጀመሪያው ነው።

ክኒኑን ከመድኃኒት ቤቱ ወስደን ወጣን። ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው ስለተባለ ከዳቦ ቤቱ ደረቅ ዳቦ ገዝተን ደጁ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጥን። ፀሐይ ነው፣ ሰው ይመላለሳል። እኔ ግን ደስታዬ መሃል አንድ ነገር ይቆረጥመኝ ጀመር። ይሄን ሰው አውቀዋለሁ። ዛሬ በድንጋጤ መጣ፤ ነገ ድንጋጤው ይለቀዋል። ክኒኑ መሳቢያ ውስጥ ይገባል፣ ከተረሱት ምስማሮች ጋር።

"ትረሳዋለህ፣ አባዬ" አልኩት። "በሳምንቱ ትተወዋለህ። በየቀኑ ልጣላህ ነው ማለት ነው።"

አልተቆጣም። የክኒኑን ማሸጊያ እያገላበጠ አየው።

"የራሴን ነገር እረሳለሁ፣ እውነትሽን ነው" አለ። "የቤታችንን ቧንቧ እንኳ ይኸው ሲያንጠባጥብ ከረመ፣ አልሠራሁትም። ያንቺን ግን ረስቼ አውቃለሁ? ትምህርት ቤት ዘግይቼ አድርሼሽ አውቃለሁ? ሲያስልሽ ሽሮፕሽን አንድ ማታ ዘልያለሁ?"

"አልዘለልክም" አልኩ።

"እንግዲያው ጠዋት እንዳልኩት ይሁን። ስኳሩ ያንቺ ነው። እኔ ለታመመች ልጄ ነው የምውጠው። ያንተ ነው ብለሽ ደግመሽ እንዳትነግሪኝ፣ እሺ?"

ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ። ዳቦውን ገመጠ፣ አላመጠ፣ ክኒኑን ምላሱ ላይ አድርጎ በውሃ አወራረደው። ከዚያ ወደኔ ዞረና መዳፉን ግንባሬ ላይ አሳረፈ።

"አሁን ተሻለሽ?" አለኝ።

"ተሻለኝ" አልኩት።